ባለቤቱ ያልታወቀ ትካዜ

ባለፈው እሑድ ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እየተራመድሁ የሰማሁት «ማይ ሌዲ ኬሪስ ደምፕ» የተባለው የሙዚቃ ሥራ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ይህ ሥራ በእንግሊዝ አገር በ16ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እንደ ፒያኖ ቁልፎቹን በጣት እየተጫኑ ለሚጫወቱት መሣሪያ የተጻፈ ሲሆን፣ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ በሚገኝ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ የደራሲው ስም ሳይጠቀስ ተቀምጧል። «ደምፕ» የሚለው ስያሜ ከኀዘንና ከትካዜ ጋር የተያያዘ ነው።

ሙዚቃው የቆመበት መሠረት እጅግ ጠባብ ነው። ግራ እጅ በሁለት ኅብረ ድምፆች መካከል ብቻ እየተመላለሰ፣ ሁለት ጊዜ በመነሻው ድምፅ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከመነሻው አምስተኛ በሆነው ድምፅ ላይ ያርፋል፤ ቀኝ እጅ ግን በዚህ በማይለወጥ ዑደት ላይ ዜማውን ቀስ በቀስ እያስጌጠ፣ አንዴ እየረዘመ፣ አንዴም በጥቃቅን ኖታዎች እየተሰባበረ ይሄዳል።

ይህ አሠራር በገና ለሚያዳምጥ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የበገና ደርዳሪም አንዱን የክር አመታት ስልት ሳይታክት እየደጋገመ መዝሙሩን በላዩ ያሰማልና። ልዩነቱ በገናው ቃል ያለው ሲሆን ይህ ሥራ ቃል አልባ መሆኑ ነው፤ (ለእኔ ግን ዝምታው ራሱ ብዙ ይናገራል)። አንዳንድ ተጫዋቾች ለጭፈራ የተጻፈ ይመስል ያፈጥኑታል፤ ያን ጊዜ የግራው እጅ መመላለስ ትካዜነቱ ይቀርና ተራ ማጀቢያ ይሆናል። እኔ የምወደው በሃርፕሲኮርድ፣ ቁልፉ ሲጫን ክሩ በሚነካበት የጥንት መሣሪያ፣ ረጋ ተብሎ የተደረደረውን፣ እያንዳንዱ ክር ተነክቶ ሲደበዝዝ የሚሰማበትን ቅጂ ነው።