የተጎታች ቤታችንን ተደራራቢ አልጋ እንደገና ስሠራ፦ ከእንጨቱ በፊት ውሃው፣ አየሩና ክብደቱ

በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ቤት ውስጥ ያለን ተደራራቢ አልጋ ለማደስ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ፍራሹና ስለ ቀለሙ ነው። እኔም ሥራውን የጀመርኩት ልጆቼ አድገው አልጋው ስለጠበባቸው ነበር። ይሁን እንጂ ከአናጺነቱ ይልቅ ብዙ ድካም የጠየቁኝ ውሃ ከየት እንደሚገባ ማወቅ፣ በፍራሹ ሥር አየር እንዲያልፍ ማድረግና የጨመርኩትን እያንዳንዱን ፓውንድ መቁጠር ነበሩ። ያገለገለ ተጎታች ቤት ገዝተው ለቤተሰባቸው ለማስተካከል ለሚያስቡ በአሜሪካ ያሉ ወገኖች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያደረግሁትን እንዳለ አቀርባለሁ።

እኛ የምንኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ሲሆን ቤቱን የምንጎትተው ወደ ሮኪ ተራሮች ነው። ርዝመቱ 26 ጫማ ነው፤ የውጭ ግድግዳው አሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ አጥንቱ የእንጨት ሞራሌ ነው። ሁለቱ አልጋዎች በኋለኛው ጥግ፣ በሦስት በኩል በግድግዳ ተከበው የተሠሩ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ስፋት 28 ኢንች፣ ርዝመታቸው 74 ኢንች ሲሆን፣ በላይኛው ላይ ከ150 ፓውንድ በላይ እንዳይጫንበት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። በመደብር የሚሸጠው የተለመደ የአንድ ሰው ፍራሽ 38 በ75 ኢንች ስለሆነ እዚያ ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን የምትቆይበት ወቅት ስለነበር፣ የታችኛው አልጋ አንዲት አረጋዊት ሴት ሳትቸገር የምትተኛበትና የምትነሣበት መሆን ነበረበት።

አሮጌውን አልጋ ስፈታ ከግድግዳው ጥግ በታች የሻገተና በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ቦታ አገኘሁ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር ውሃ የታየበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ አለመሆናቸው ነው። ከጣሪያው ጠርዝ የገባ ጠብታ ሞራሌውን ተከትሎ ይወርድና ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ እርጥቡን ሰሌዳ ብቻ ቀይሮ አዲስ አልጋ መሥራት ችግሩን ከአዲሱ እንጨት ጀርባ መደበቅ ነው። የእርጥበት መለኪያ ይዤ ከታች ወደ ላይ ስከተለው ንባቡ እየጨመረ ወደ ኋለኛው የላይ ጥግ መራኝ። ወደ ጣሪያው ወጥቼ ስመለከት የጥጉ ክፈፍ ላይ ያለው ማሸጊያ ተሰንጥቆ ነበር። ክፈፉን አውልቄ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፈቅፍቄ፣ በሥሩ አዲስ የቡቲል ፕላስተር (የሚጣበቅ የላስቲክ ጥቅል) አኑሬ መልሼ አሰርኩት፤ ከላይ ደግሞ ለላስቲክ ጣሪያ የተሠራውንና ራሱ ተዘርግቶ የሚረጋውን ማሸጊያ አፈሰስኩበት። ተራ ሲሊኮን እንዳይጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሲሊኮን አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ማሸጊያ በላዩ ላይ በደንብ አይያያዝም፣ ቀጣዩንም ጥገና ያከብደዋል።

የውስጡን ሰሌዳ ቆርጬ ካነሣሁ በኋላ በግድግዳው ውስጥ ብርድን የሚከላከለውንና እርጥብ የነበረውን የመስታወት ሱፍ ሙሉ በሙሉ አወጣሁ፤ ግድግዳውንም ክፍት ትቼ ማራገቢያ እያስነፋሁ እንዲደርቅ አደረግሁ። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አያድግም፤ እኔ ግን መለኪያው ከ15 በመቶ በታች እስኪያሳይ ድረስ ምንም አልዘጋሁም። የኮሎራዶ ደረቅ አየር በዚህ በእጅጉ ረድቶኛል። በሂዩስተን ወይም በአትላንታ የሚኖር ሰው ግን የእርጥበት ማስወገጃ መሣሪያ መከራየት ሳያስፈልገው አይቀርም። የበሰበሱትን ሞራሌዎች እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ቆርጬ አዲሶቹን ከአጠገባቸው ደርቤ በኮላና በቪቴ አያያዝኳቸው።

ግድግዳው ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሞራሌዎቹን ቦታ ከወለሉና ከጥጉ ለክቶ መመዝገብና ፎቶ ማንሣት ነው። የተጎታች ቤት የውስጥ ሰሌዳ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያለው ስለሆነ ራሱ ምንም ክብደት አይሸከምም፤ አልጋውን የሚሸከሙት ከጀርባው ያሉት ሞራሌዎች ናቸው። ሞራሌው ደግሞ 1.5 ኢንች ብቻ ነው። እኔ ከግድግዳው ጋር ያሰርኳቸው ደጋፊ እንጨቶች 3/4 ኢንች ውፍረት ስለነበራቸው፣ ቪቴው ከ2 ኢንች ቢበልጥ የውጩን ቆርቆሮ ሊበሳና በከፍተኛ ድካም የተዘጋውን የውሃ መንገድ እንደገና ሊከፍት ይችል ነበር።

ከፍታውን ማከፋፈል የሥራው ዋና አሳብ ነበር። ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ 78 ኢንች አለን። የታችኛውን አልጋ ከነፍራሹ 18 ኢንች ላይ፣ የላይኛውን መደብ 51 ኢንች ላይ አደረግሁት፤ የላይኛው ፍራሽ 4 ኢንች ስለሆነ ከእርሱ በላይ 23 ኢንች ይቀራል። ይህ ለተኛ ልጅ ይበቃል። ከታች ግን የሰሌዳው ውፍረትና ከፊት የሚሸከመው አግዳሚ ቁመት ሲቀነስ የሚቀረው 29 ኢንች ብቻ በመሆኑ አዋቂ ሰው ቀጥ ብሎ ሊቀመጥበት አይችልም። መጀመሪያ ያሰብኩት የላይኛውን አልጋ በማጠፊያ ወደ ግድግዳው የሚታጠፍ ማድረግ ነበር። በወረቀት ላይ ሳሰላው ግን ወደ 30 ኢንች ያሰፋሁት መደብ ከ51 ኢንች ላይ ተነሥቶ ሲቆም 81 ኢንች ስለሚደርስ ኮርኒሱ አያሳልፈውም። ስለዚህ መደቡን ለሁለት ከፍዬ ሁለት ተነቃይ ሰሌዳዎች አደረግሁት። ከኋላ በግድግዳው ደጋፊ እንጨት ላይ፣ ከፊት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋ፣ 3.5 ኢንች ቁመት ባለው አግዳሚ ላይ ያርፋሉ። አግዳሚው በሁለቱ ጫፍ በብረት መያዣ ውስጥ ተቀምጦ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ፣ እናቴ ስትመጣ ሁሉንም አንሥቼ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፤ እርሷም ሙሉውን ከፍታ ታገኛለች። የታችኛውን አልጋ አይታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ስነሣ የምይዘው ነገር አድርግልኝ» አለችኝ። በሞራሌው ላይ በጥብቅ የታሰረ የእንጨት እጀታ ጨመርኩላት፤ ዛሬ ከእርሷ ይልቅ ልጆቹ ሲወጡና ሲወርዱ ይጠቀሙበታል።

ለልጆች ደኅንነት ሲባል ልኬቱን በግምት መወሰን አልፈለግሁም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የተደራራቢ አልጋ ደንብ የተጻፈው ለአምራቾች ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ለማንም ሠራተኛ ይጠቅማሉ። የመከላከያው አጥር ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 5 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። የልጅ አካል አልፎ ጭንቅላቱ እንዳይያዝም በላይኛው አልጋ ዙሪያ ከ3.5 ኢንች የሰፋ ክፍተት ሊኖር አይገባም። ፍራሼ 4 ኢንች ስለሆነ አጥሩን ከመደቡ 9 ኢንች ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ወፍራም ፍራሽ ለምቾት ብሎ የሚገዛ ሰው የአጥሩን ጥቅም እንደሚቀንስ ማሰብ አለበት። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ እንዲተኛ አይመከርም፤ በዚህም ምክንያት የመጨረሻዋ ልጃችን ብታለቅስም ለጊዜው ታች ትተኛለች። በታችኛው አልጋ በኩል ቀይ እጀታ ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ መስኮት አለ። የመዝናኛ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከተው ኤንኤፍፒኤ 1192 የተባለው መስፈርት ከዋናው በር ሌላ መውጫ እንዲኖር ስለሚያዝ፣ የትኛውም እንጨት ወይም ፍራሽ ይህን መስኮት እንዳይሸፍነው ልኬቱን ከመስኮቱ ጠርዝ ጀመርኩ። የፕሮፔን ጠቋሚውም ከወለሉ አጠገብ ነው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቦታው እዚያው ነውና አልጋው ሥር እንዳይታፈን ፊቱን ክፍት ተውኩት።

አየርን በተመለከተ፣ በተራራ ላይ በመስከረም ሌሊት ውጩ ከበረዶ ነጥብ በታች ይወርዳል፤ ውስጥ ደግሞ የሦስት ልጆች ትንፋሽ አለ። ፍራሹ በጠፍጣፋ ፕላይውድ ላይ ሲቀመጥ ከታች፣ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋር ሲነካካ ደግሞ በጎን፣ ትኩስ እንጀራ በተዘጋ አገልግል ውስጥ እንደሚያልበው ያልበዋል፤ ሻጋታውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ በረድፍ ክብ ቀዳዳዎች በስቼ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ በፍራሹና በሰሌዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ የፕላስቲክ መረብ ዘረጋሁ፤ ፍራሹንም ከውጩ ግድግዳ አንድ ኢንች አራቅሁት። ማሞቂያው አየር የሚተፋበት ቀዳዳ ከታችኛው አልጋ ሥር ስለነበር ፊቱን እንዳይዘጋ የአልጋውን የፊት ሰሌዳ በወንፊት መልክ ሠራሁት። ሌሊት የጣሪያውን ማናፈሻ በትንሹ ከፍቶ መተኛት ቢበርድም ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። በጠዋት መስኮቱ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ መቀነሱን በዓይናችን አይተናል።

ክብደቱ ብዙ ሰው የማይነካው ጉዳይ ነው። በበሩ አጠገብ ያለው ተለጣፊ ቤቱ ምን ያህል ዕቃ መሸከም እንደሚችል ይናገራል፤ በእድሳት የሚጨመር እንጨት ሁሉ ከዚያ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ቦታው ነው። የእኛ አልጋ ከጎማዎቹ በስተኋላ ስለሆነ እዚያ የሚጨመር ክብደት የፊቱን መጎተቻ ወደ ላይ ያነሣዋል። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ቤቱ በአውራ ጎዳና ላይ ሊወዛወዝ ይችላል፤ ይህም ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ነው። ስለዚህ የፈታሁትን አሮጌ እንጨት ሁሉ መዘንኩ፤ አዲሱም ከእርሱ እንዳይበልጥ በ3/4 ኢንች ፋንታ የ1/2 ኢንች ፕላይውድ መረጥኩ። በአልጋው ሥር ያለውን መሳቢያም ለብርድ ልብስና ለልብስ ብቻ እንጂ ለቆርቆሮ ምግብና ለመሣሪያ አላዋልነውም። ሥራው ሲያልቅ በጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስመዝኜ መጎተቻው ከልኩ ውስጥ መሆኑን አረጋገጥኩ።

ፕላይውዱን ስገዛ ከኮላው የሚወጣው የፎርማልዴሃይድ ጋዝ መጠን ቲኤስሲኤ የተባለውን የአሜሪካ የመርዛማ ኬሚካሎች ሕግ ክፍል 6 ማሟላቱን የሚገልጽ ማኅተም እንዲኖረው ጠይቄያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከደረሰው የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ በመንግሥት ተጎታች ቤቶች የተጠለሉ ሰዎች በዚህ ጋዝ ተቸግረው ነበር፤ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 519 ቤቶችን መርምሮ አማካዩ በቢሊዮን 77 እጅ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚያም በ2010 ሕጉ ወጣ። የልጅ አፍንጫ ከኮርኒሱ ከ23 ኢንች ባነሰ ርቀት የሚያድርበት ቦታ ላይ ርካሹን ሰሌዳ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም። ቀለሙም በውሃ የሚሟሟ ነው፤ የግድግዳው ፕላስቲክ ሽፋን ቀለም አይዝም ስለሚባል በመጀመሪያ አጥቤ፣ በስሱ ፍቄ፣ የሚያጣብቅ መሠረታዊ ቀለም ቀባሁበት። ለእያንዳንዱ አልጋ ባለ 12 ቮልት ትንሽ መብራት ከነፊውዙ አስገባሁ።

ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት የላይኛውን መደብ በውሃ ፈተንኩት። አምስት ጋሎን የሚይዝ ጀሪካን 42 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን ሰባቱን ደርድሬ አሳደርኳቸው፤ ጠዋት አግዳሚው ቀጥ ብሎ አገኘሁት። ከዚህ በኋላም ቢሆን ከልጆቹ አንዱ ብቻ እንዲተኛበት ወስነናል፤ ቆሞ ያለ ክብደትና በጎርባጣ መንገድ የሚናወጥ ክብደት አንድ አይደሉምና። ብሎኖቹን ሁሉ በሮንዴላና ናይሎን ባለው ዳዶ አስሬያለሁ። ከእያንዳንዱ የጠጠር መንገድ ጉዞ በኋላ በመፍቻ እነካቸዋለሁ፤ እስካሁን የላሉት የመጋረጃው ዘንግ ቪቴዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሰሌዳውን ትቼ ወደ ሞራሌው አዛውራቸዋለሁ። ጣሪያውን በፀደይና በበልግ እወጣለሁ፤ የመስኮቱ ዙሪያ ማሸጊያም መሰንጠቅ ስለጀመረ ቀጣዩ ሥራ እርሱ ነው።