ኒየር ኦቶማታን ባሕር ዳር ላይ ከመጀመራችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሁለት ወር አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። አንድ ሰው አስቀድሞ ሁለት ሦስት ነገር ቢነግረኝ ኖሮ 19 ሰዓት የተጫወትኩት ጌም ድራሹ አይጠፋም ነበር። ማንም አልነገረኝም። እናንተ እንኳ ስሙኝ።

ጌሙ «ኒየር፦ ኦቶማታ» ይባላል። የጃፓን ነው። የሠራው ፕላቲነምጌምስ፣ ያሳተመው ስኩዌር ኢኒክስ፣ ዳይሬክተሩ ዮኮ ታሮ ነው። የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። አዎ፣ ቆይቷል። ጥሩ ጌም ግን አይበላሽም።

ለምን ይሄን እንደመረጥኩ የሚጠይቁኝ አሉ። ባሕር ዳር ላይ ጌም ቤት ማለት ፊፋ ማለት ነው። ሽምብጥ ሂዱ፣ ፖሊ አካባቢ ሂዱ፣ ያው ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። ጀርባህ ላይ አምስት ልጅ ተራ እየጠበቀ ታሪክ ያለው ጌም ከፍተህ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይታሰብም። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ጠፍቶብን በከረምንባቸው ወራት ኔት የማይጠይቅ፣ ከሲዲው ብቻ የሚሠራ ነገር አማረኝ። ኒየር እንደዚያ ነው።

አገኛኘቱን ባጭሩ ልለፈው። ፕሌስቴሽን 4ቱን ሊዘጋ ከነበረ ጌም ቤት ገዛሁ። ሲዲውን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ዓባይ ማዶ እስካለው ቤቴ በባጃጅ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ወሰድኩት። ጫንኩት። ሠራ።

ታሪኩ በ11945 እ.ኤ.አ. ነው። የሰው ልጅ ምድርን ለባዕዳን ማሽኖች ለቅቆ ወደ ጨረቃ ሸሽቷል ይባላል። ማሽኖቹን የሚዋጉት አንድሮይዶች ናቸው። እኛ የምንሆነው ቱ ቢን ነው፤ ዓይኗ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ገና ሲጀምር ጓዶቿ ሰማይ ላይ አንድ በአንድ ይመታሉ። ብቻዋን ትደርሳለች። ካሜራው አንዴ ከላይ ያሳያችኋል፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከጀርባ። አሁን የአውሮፕላን ተኩስ የነበረው ድንገት የሰይፍ ፍልሚያ ይሆናል። ከዚያ ፋብሪካ ውስጥ ትገባላችሁ። የሕንፃ ያህል የሚያክል መጋዝ ይመጣባችኋል። ከፊፋ በኋላ ይህን ማየት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። እጄ አልቦኝ ነበር።

ጌሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያሳያል። የደረሳችሁበትን በራሱ ሴቭ አያደርግም፣ ማለትም አያስቀምጥም። እኔ ሳላነብ አለፍኩት። እናንተ አንብቡት። የመግቢያው ክፍል ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል፤ ለጀማሪ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሴቭ የሚደረግበት አንድም ቦታ የለም። ከሞታችሁ ታሪኩ ያልቃል። ጌሙ ከኤ እስከ ዜድ 26 መጨረሻዎች አሉት፤ እዚያ ላይ መሞት ራሱ አንዱ ነው፣ ደብልዩ የሚባለው። ጽሑፉ ያልፋል፣ እንደገና ከሰማይ ትጀምራላችሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ፋብሪካው ውስጥ ሳለሁ መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ሁለተኛውን ቀን ሞትኩ። ሃርድ በሚባለው ከባድ ደረጃ ላይ አድርጌው ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ሃርድ ላይ ጠላትን መቆለፍ አይቻልም፤ ካሜራውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው የምትዋጉት። ኩራታችሁን ተዉና ኖርማል በሚለው መካከለኛ ደረጃ ጀምሩ። በኋላ በፈለጋችሁት ሰዓት መቀየር ይቻላል። የማምለጫዋን ቁልፍ፣ አር2ን፣ ልመዱ። መምታት ማንም ይመታል።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ትልቁ ማሽን ፊት ደርሻለሁ። ቴሌቪዥኑ ጥፍት አለ። ወጥቼ ሳይ ጎረቤት መብራት አለ። የግቢያችን ብሬከር ነው የወረደው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው፤ አከራያችን ምጣድ ለኩሰዋል፣ አንዱ ደግሞ ካውያ ሰክቷል። ብሬከሩን መለስኩና እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ የሚጋግሩት መቼ መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ነው ልጄ። ምነው፣ ልትረዳኝ ነው?»

አፈርኩ። ቀኑን ግን ያዝኩ። በየትኛውም መመሪያ ላይ የማታገኙት ምክር ይኸውና፦ የግቢያችሁን የመጋገሪያ ቀን እወቁ። መግቢያውን በዚያ ሰዓት አትጀምሩ። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓትም አትጀምሩ፤ ሁሉም ምድጃ የሚለኩስበት ሰዓት ስለሆነ መብራቱ ራሱ ይደክማል። እኔ በአራተኛው ሙከራ ያለፍኩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው። ከዚያ በኋላ ቱ ቢ ባንከር የሚሉት ጣቢያ ላይ ትነቃለች። እዚያ ሴቭ አደረግኩ። ጮክ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ እማዬ ተኝታ ስለነበር ተውኩት።

ቀጥሎ የመጡት ሦስት ሳምንታት ግሩም ነበሩ። ከተማው ፈርሷል፣ ዛፍ ውጦታል፣ ሕንፃዎቹ መሐል አጋዘንና ከርከሮ ይሮጣል። ስትሮጡ የሚሰማው ሙዚቃ የኬይቺ ኦካቤ ነው። የምትዘፍነው ኤሚ ኢቫንስ ናት፤ ቋንቋው የትም አገር የለም፣ የተፈጠረ ነው። እማዬ አንድ ቀን ቡና እየቆላች ቆም ብላ ሰማችውና «ይሄ የየት አገር ሐዘን ነው?» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ግምገማ አላነበብኩም።

ዓሣ ማጥመድም አለው። ውኃ ዳር ትቀመጣላችሁ፣ አጠገባችሁ የምትበረውን ትንሿን ማሽን ውኃው ውስጥ ትጥላላችሁ፣ ስትጠልቅ ትስባላችሁ። የያዛችሁትን ትሸጣላችሁ። ጣና ዳር ቀረሶ እየተጠበሰለት ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ሙሉ ምሽት ዓሣ ሳጠምድ አሳልፌያለሁ። ጠላቶቹ ጠበቁኝ።

ስለ ቺፖቹም አንድ ነገር። የአንድሮይዷ ችሎታ ሁሉ ቺፕ ነው። ደሟን የሚያሳየው መስመር እንኳ ቺፕ ነው፤ ብታወጡት ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። ቦታው ውስን ስለሆነ የማትፈልጉትን እያወጣችሁ የሚጠቅመውን ታስገባላችሁ። ኦኤስ የሚለውን ግን አትንኩ። ከነካችሁ ትሞታላችሁ። ስትሞቱ ሥጋችሁ የወደቀበት ቦታ ይቀራል፤ ሄዳችሁ ሳታነሱት እንደገና ከሞታችሁ የገጠማችኋቸው ቺፖች ይጠፋሉ።

አሁን ወደ ንዴቴ።

ሐሙስ ማታ ነው። ሴቭ እያደረግኩ ነው። የመጠጥ መሸጫ የመሰለች ማሽን አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ሴቭ የሚለውን ተጫንኩ፣ መብራት ሄደ። በዚያች ሰከንድ። ሶኬቱን መንቀል ነበረብኝ። አልነቀልኩም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መብራቱ በኃይል መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ።

ፕሌስቴሽኑን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መልእክት ወጣ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝና የፒኤስ ቁልፉን ተጫን ይላል። አገናኘሁ። ተጫንኩ። ምንም የለም። ሃያ ጊዜ ተጫንኩ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው መልእክት። «በቃ ሞቷል» አልኩ።

አልሞተም ነበር። ችግሩ ገመዱ ነው። እኔ የሰካሁት ከርካሽ የሞባይል ቻርጀር ጋር የመጣ ገመድ ነው፤ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፣ ዳታ አያስተላልፍም። ዳታ የሚያስተላልፍ ገመድ ጎረቤት ለምኜ ብሰካ ኖሮ ነገሩ ምናልባት በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። ይህን ያወቅኩት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ልጁ ገመድ አወጣ፣ ሰካ፣ ወዲያው ሠራ። ሰባት መስመር ያለው ዝርዝር መጣ። ሴፍ ሞድ የሚባለው፣ ፕሌስቴሽኑ ችግር ሲገጥመው የሚከፍተው የማስተካከያ ገጽ ነው።

«ወንድሜ፣ ጌሙ እንዳይጠፋብኝ» አልኩት።

«ሲዲው አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«እና ምን ትሰጋለህ?»

እኔ ጌሙ ስል የተጫወትኩትን ማለቴ ነበር። እሱ ጌሙ ሲል ሲዲውን ነበር። አንድ ቃል ጨምሬ «ሴቩ» ብል ኖሮ! ዝርዝሩን አንብቤ ሳልጨርስ ወደ ስድስተኛው ወረደ። ማስጠንቀቂያ መጣ። እሱንም ሳያነብ እሺ አለው። ከዚያ ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሳና ቋንቋ ምረጥ አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሆዴ ባዶ ሆነ።

«ሲስተሙ ተበላሽቶ ነበር፣ አስተካክዬልሃለሁ» አለ። 800 ብር ጠየቀ። ከፈልኩ። ለምን እንደከፈልኩ አላውቅም።

ቁጥሮቹን ጻፏቸው፣ ማሽኑ ጀርባ ላይ ለጥፏቸው። አምስተኛው ሪቢልድ ዳታቤዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው፣ ሴቭ አያጠፋም። ስድስተኛውና ሰባተኛው ኢኒሻላይዝ ናቸው፤ ሁለቱም ሁሉን ነገር ያጠፋሉ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ራሳችሁ መግባት ትችላላችሁ። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ማብሪያውን 7 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ሁለተኛው ጢጥ ሲል ልቀቁ። ጥገና ቤት ከሄዳችሁም የራሳችሁ እጅ ይጫን። ባለሙያው ቢቆጣ ይቆጣ።

ሌላው የሚያናድደኝ የራሴ ብልጠት ነው። ጌሙ ሦስት የሴቭ ቦታ አለው፤ እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ሁለቱ ላይ ሴቭ አደርግ ነበር። ሁለቱም ያሉት አንድ ማሽን ውስጥ ነው። ቤት ሲቃጠል ሁለት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ፍላሽ ግዙ። መጀመሪያ ነፃ የሆነውን የፒኤስኤን፣ ማለትም የፕሌስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት፣ አካውንት ክፈቱ፤ ሴቭ ከአካውንት ጋር የታሰረ ነው፣ ማሽኑ ቢጠፋ የሚመለሰው በዚያው አካውንት ነው። ከዚያ ሴቲንግ፣ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት፣ ሲስተም ስቶሬጅ፣ ኮፒ ቱ ዩኤስቢ። ፍላሹ ፎርማት ሲደረግ ዓይነቱ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ይሁን። በክፍያ ኦንላይን የሚቀመጥበትም መንገድ አለ፤ እኔ ለዚያ የሚሆን ካርድም የማያቋርጥ ኔትም የለኝም። ፍላሹ ይበቃል።

ሬስት ሞድንም፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ሳያጠፉ ማስተኛቱን፣ ተዉት። ማሽኑ ራሱ ተጠቀሙበት ይላችኋል። መብራት በማይሄድበት አገር ጥሩ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ሬስት ሞድ ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ማሽኑ በትክክል እንዳልጠፋ ነው የሚቆጥረው። ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ስታቢላይዘር ይሸጡላችኋል። ስታቢላይዘር መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይጠብቃል እንጂ ሲሄድ አያቆይም። የሚያስፈልጋችሁ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። የእኔ ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን አሥር ደቂቃ ያህል ይይዛል። ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይተርፋል።

ጌሙን ለሦስት ሳምንት አልነካሁትም። ሲዲውን ሳየው ይጨንቀኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት ተነሳሁና እንደገና ከሰማይ ጀመርኩ፣ በኖርማል። መግቢያው መጨረሻ ላይ ቱ ቢ እና ጓደኛዋ ናይን ኤስ ራሳቸውን ያፈነዳሉ። ባንከር ላይ ስትነቃ እሱ አብረው የተዋጉትን አያስታውስም። ጊዜ ስላልበቃ የላከው የእሷን ትውስታ ብቻ ነው፤ የራሱ ቀርቷል። በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ትዕይንት ቶሎ ሴቭ ላድርግ ብዬ በችኮላ አልፌው ነበር። አሁን ጆይስቲኩን አስቀምጬ ቆየሁ። እሷ ሁሉን ታስታውሳለች፤ እሱ ምንም።

አሁን በረሃው ላይ ደርሻለሁ። ትናንት ማታ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጮኸ። ሴቭ አደረግኩ፣ ወደ ፍላሹ ኮፒ አደረግኩ፣ አጠፋሁ። ታናሽ ወንድሜ በስልኩ መብራት ፍላሹን ነቅሎ እማዬ ሰነድ የምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ከተተው።