ቀይ እርሳስ

ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ላይደን፣ ኔዘርላንድስ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምርጫ ጣቢያውን በር ከፈትን። ጣቢያው የአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው፤ የላብና የጎማ ጫማ ሽታው እስከ ማታ አልለቀቀንም። በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ስቀመጥ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። የድምፅ መስጫ ሳጥኑ ባለ ጎማ ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ባይኖር ኖሮ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መስሎኝ አልፈው ነበር። በየከለላው ቀይ እርሳስ ታስሯል። መራጩ የጠረጴዛ ልብስ የሚያህለውን ወረቀት ይዘረጋና ከሚፈልገው ስም አጠገብ ያለችውን ክብ ቀይ ያቀልማል።

እስከ ቀትር ድረስ ሰው የመጣው ጠብ ጠብ እያለ ነው። በ1997ቱ ምርጫ አዲስ አበባ ላይ ገና ሳይነጋ ተሰልፌ ተራዬ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነበርና ጸጥታው ከበደኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ የፒተር ሜር መጽሐፍ አለ። ሰብሳቢያችን በሥራ ሰዓት ማንበብ ስለማይወዱ አላወጣሁትም፤ ግን ስለ ሰውየው ሳስብ ዋልኩ።

ሜር ይህችን ከተማ ያውቃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አየርላንድ ውስጥ ሮሲስ ፖይንት በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ፤ ደብሊን ተማረ፤ ዶክትሬቱን ያገኘው ከላይደን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በኋላም እዚሁ ፕሮፌሰር ሆኖ ለዓመታት አስተማረ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሲባል እኔ የሚታየኝ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የሚተነብይ ሰው ነው። እርሱ ግን ቆጣሪ ነበር። በ1990 ከጣሊያናዊው ስቴፋኖ ባርቶሊኒ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1885 እስከ 1985 ድረስ በምዕራብ አውሮፓ የተካሄዱትን ምርጫዎች ውጤት አንድ በአንድ አሰሉ። በዘመኑ የብዙዎቹ ወሬ «የአውሮፓ መራጭ ልቡ ሸፈተ» የሚል ነበር። እነርሱ ያገኙት ሌላ ነው፤ መራጩ ቢንቀሳቀስም ከጓዳ ወደ ሳሎን እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ኮሚኒስት የነበረው ሶሻሊስት ይሆናል፤ ከግራው ጎራ ወደ ቀኙ የሚሻገረው ጥቂት ነው።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ቢፈልግ ዕድሜ ልኩን ያንን ግኝት ሲከላከል በኖረ ነበር (ስንቱ እንዲያ ያደርጋል!)። መቁጠሩን ግን አላቆመም። በ1995 ከሪቻርድ ካትዝ ጋር «ካርቴል ፓርቲ» የሚለውን ሐሳብ አመጡ። ፓርቲዎች የአባላት መዋጮ ሲነጥፍባቸው ወደ መንግሥት ድጎማ ዞሩ፤ ገበያ እንደተከፋፈሉ ነጋዴዎችም ፉክክራቸውን አለዘቡ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ቤቱ ራሱ ባዶ እየሆነ ነው አለ። ሕዝቡ ከፓርቲው ይርቃል፤ መሪዎቹም ከሕዝቡ ርቀው በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ይጠለላሉ። ሁለቱም ወገን ነው የሚሸሸው። ለአውሮፓ ፓርላማ ድምፅ የሰጠው ሰው በ1979 ከመቶ 62 ነበር፤ በ2009 ወደ 43 ወርዷል።

ከጎኔ የመራጮች ዝርዝር የያዙ አዛውንት ነበሩ። የ1979ኙን ምርጫ አስታውሳለሁ አሉኝ። «ጋዜጣችን የካቶሊክ፣ ሬዲዮናችን የካቶሊክ፣ አባቴ ሥጋ የሚገዛው እንኳ ከካቶሊክ ነበር። ቤታችን ውስጥ ማንን እንምረጥ ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።» አሁንስ አልኳቸው። ሳቁ። «አሁንማ ኮምፒውተር ላይ ሠላሳ ጥያቄ እመልሳለሁ፤ የትኛው ፓርቲ እንደሚስማማኝ እርሱ ይነግረኛል።» ሜር ይህን ቢሰማ ማስታወሻ ደብተሩን ያወጣ ነበር።

ከእርሱ ጋር የማልስማማበትም አለ። በ2019 መራጩ ተመልሶ ከመቶ 51 ደረሰ። ባዶ ያለው ቤት በሌላ በር እየተሞላ ይሆን? ብዙዎቹ የመጡት ተቆጥተው ነው፤ ቁጣም ሰውን ከቤቱ ያስወጣል። መልሱን ከራሱ መስማት አልተቻለም። የካቲት 2011 በአየርላንድ ምርጫ፣ ከ1932 ጀምሮ በምክር ቤቱ አንደኛ ሆኖ የኖረው ፊያና ፎይል የተባለው ፓርቲ ወደ 20 መቀመጫ ሲወርድ አይቷል። የዶክትሬት ጥናቱ ያንኑ የአገሩን የፓርቲ ሥርዓት የሚመለከት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ አገሩ ለእረፍት በሄደበት፣ በ60 ዓመቱ በድንገት አረፈ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ሳይጨርሰው የቀረው ነው፤ በ2013 ሌላ ሰው አሰናድቶ አሳተመለት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ዘግተን ሳጥኑን ገለበጥነው። የመራጩና የወረቀቱ ቁጥር በአንድ ተለያየ። ሁላችንም ደክሞናል፤ አንዱ ወጣት በአንድ ወረቀት ምን ይመጣል ብሎ አጉረመረመ። ሰብሳቢያችን እንደገና ይቆጠር አሉ። በሦስተኛው ዙር አዛውንቷ አንዱን ወረቀት በሌላው እጥፋት ውስጥ ተሸጉጦ አገኙት። ቀዩ ክብ የተቀባው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ፣ ስሙን ሰምቼው በማላውቀው ፓርቲ ሥር ነበር።