ቨርጂኒያ አድሬ ሜሪላንድ ስሠራ

ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ቀኑን ሙሉ ድንበር ሲሻገር ይውላል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አድሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ይገባል፣ ማታ ዲሲ ከጓደኛው ጋር ቡና ይጠጣል። ድልድይ መሻገሩ ከትራፊኩ በቀር ምንም አይመስለውም። የስቴቱ ጉዳይ ትዝ የሚለው ታክስ ሲደርስ ነው።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ባለፈው ጃንዋሪ መጨረሻ ደብሊው-2 (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየው ወረቀት) ሲደርሰኝ ሳጥን 15 ላይ ኤምዲ፣ ማለትም ሜሪላንድ፣ ይላል፤ ሳጥን 17 ላይ ዓመቱን ሙሉ ለሜሪላንድ የተቆረጠው ገንዘብ ተጽፏል። የቨርጂኒያ መስመር ጭራሽ የለም። እኔ ደግሞ ስቀጠር ኤም ደብልዩ 507 የምትባለዋን የሜሪላንድ የታክስ መቁረጫ ወረቀት ሞልቼ፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆኔን ገልጬ ሰጥቻለሁ። ፎቶዋ ስልኬ ውስጥ አለ። ፔይሮል (ደመወዝ ክፍል) ደውዬ ብጠይቅ ልጅቷ «የምትሠሪው ሜሪላንድ አይደል?» ብላ ድርቅ አለች።

ታክስ የሚሠሩልኝ ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ብሩ አልጠፋም፤ ሌላ ሰው ኪስ ነው የገባው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንዱ የሌላውን ነዋሪ ደመወዝ አይታክሱም፤ ደመወዝ የሚታከሰው በምትኖርበት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተስማምተው ነው፤ ዲሲ ግን ወዳ አይደለም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ሕግ ነዋሪ ያልሆነን ሰው ገቢ እንዳትታክስ ከልክሏታል። ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ተከራክራም አልተሳካላትም። በየቀኑ ከውጭ መጥቶ የሚሠራባትን ሕዝብ ላየ፣ እውነቷን ነው ያሰኛል።

ወደ እኔ ጉዳይ ስመለስ፣ የሁለት ስቴት የታክስ ቅጽ መሙላት ግድ ሆነ። ለሜሪላንድ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን ቅጽ 505፣ የተቆረጠው በሙሉ እንዲመለስ፤ ለቨርጂኒያ ደግሞ ነዋሪ የሚሞላውን ቅጽ 760። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። «ለሜሪላንድ ከፍያለሁና አቻችሉልኝ» ቢባል ቨርጂኒያ አትሰማም፤ መክፈል የሌለብሽን ነው የከፈልሽ ትላለች። ስለዚህ የቨርጂኒያን ከኪስ አውጥቶ መክፈል ነው። ከ17,000 ዶላር በላይ ያለው የሚታክስ ገቢ 5.75 በመቶ ይከፈልበታል፤ የአንድ ዓመት ሲጠራቀም ቀላል ብር አይደለም። የቨርጂኒያ ቀነ ገደብ ሜይ 1 መሆኑ፣ ከፌዴራሉና ከሜሪላንዱ ኤፕሪል 15 ትንሽ ዘግየት ማለቱ፣ ጥቂት ትንፋሽ ሰጠኝ። የሜሪላንድ ሪፈንድ ግን ከዚያ በፊት አልደረሰም። ደግነቱ እቁብ በኤፕሪል ወጣልኝ፤ ለሶፋ ያሰብኩት ብር የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ገባ።

ወንድሜ ይህን ሰምቶ «እኔም እንግዲህ ዲሲና ሜሪላንድ የሠራሁትን ለቨርጂኒያ ብቻ ነዋ» አለ። ኡበር ነው የሚነዳው። ጋሼ ወዲያው አቋረጡት፤ ስምምነቱ ለደመወዝ ነው፣ በ1099፣ ማለትም ሳይቀጠር በራሱ፣ ለሚሠራ ሰው አይደለም። የእሱ ራሱን የቻለ ሌላ ሂሳብ ነው ብለው የማይል ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ አዘዙት። ደብተር የሚባል ነገር እንደሌለው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

የትራክ ሹፌሮች በዚህ በኩል ይሻላቸዋል። ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልስ ተቀጣሪ ሹፌር፣ አሥር ስቴት ቢያቋርጥም ደመወዙን የሚታክሰው የሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ነው። ለዚህም ይሆናል የገቢ ታክስ የሌለባትን ቴክሳስን አድራሻ የሚያደርገው የበዛው። በእርግጥ እዚያ ለሚኖር ጥሩ ነው። ሚስቱና ልጆቹ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠው የአጎቱን ልጅ የዳላስ አድራሻ የሚጽፈው ግን ያሳስበኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ኖሮት በዓመት ከ183 ቀን በላይ የኖረን ሰው፣ ፖስታው የትም ይግባ የት፣ ነዋሪዬ ነው ትላለች።

የእኔ ፔይሮል የተስተካከለው ጋሼ የስምምነቱን ገጽ አትመው፣ ከቪኤ-4 (የቨርጂኒያ ታክስ እንዲቆረጥ ለአሠሪ ከሚሰጠው ቅጽ) ጋር አያይዘው «ለፔይሮሏ ልጅ አለቃ ስጪ» ካሉኝ በኋላ ነው። ማርች ላይ ቼኬ ላይ የቨርጂኒያ መስመር ብቅ አለ። የጃንዋሪና የፌብሩዋሪው ግን ለሜሪላንድ ተቆርጧል፤ ስለዚህ በሚመጣውም ዓመት 505 መሙላቴ አይቀርም።