አላለቀስኩም ነበር

ሰኔ ለሒሳብ ሠራተኛ እንቅልፍ የሚነሳ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ ደረሰኝ፣ ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ መቅረት የለበትም። የምሠራው አዳማ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ እስከ ማታ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ ተደፍቼ ነበር የምውለው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ኦዲተሮቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያለ እንባዬ መውረድ ጀመረ። በሶፍት ስጠርገው ይብሳል። ሥራ አስኪያጃችን አይቶኝ ወደ ኮሪደር ጠራኝ።

«ልጄ፣ ቤት ሰላም ነው? የሆነ ነገር አለ?»

«አላለቀስኩም ጋሼ፣ ዓይኔ ነው።»

ያመነኝ አልመሰለኝም። «ግዴለም፣ ዛሬ ሂጂና እረፊ» አለኝ። እኔ ግን ሥራው ይቆለልብኛል ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የቀሩትን የክፍያ ማዘዣዎች ጨረስኩ።

አንዱ ላይ 336,450 ብር መሆን የነበረበትን 386,450 ብዬ ጻፍኩት። 3ቱን 8 አድርጌ ነው ያየሁት። ስክሪኑ ጉም የለበሰ መስታወት መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ለአፍታ ይጠራል፣ ወዲያው ይደፈርሳል። ፈራሚዎቹ እኔን አምነው ፈረሙ። 50,000 ብር በትርፍ ሄደ። አቅራቢው ጨዋ ሰው ሆኖ በሳምንቱ መለሰው እንጂ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ያን ቀን ማታ ግን እውነተኛውን ለቅሶ አለቀስኩ።

የዓይኔ ነገር የጀመረው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ከሰዓት ላይ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፣ ይቀላል። አንድ ቀን ገንዘብ ያዣችን እትዬ ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። «ነይ የኔ እናት፣ ይቺን ጣል አርጊባት። እኔን ስንት ዓመት ያቆየችኝ እሷ ናት» አሉኝ። በደቂቃዎች ቀለል አለኝ። ሲያልቅ ያንኑ ስም ፋርማሲ ነግሬ ያለ ማዘዣ ገዛሁ። ከዚያ ደግሜ ገዛሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ መዋል ምን ሕመም አለው የሚሉኝ መስሎኝ ነው።

ከዚያች ረቡዕ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ጫፉን አጠፍ አድርጋ በታችኛው የዓይኔ ቆብ ውስጥ ሰካች። 5 ደቂቃ ጨፍኜ ጠበቅኩ። ወረቀቱን አውጥታ አሳየችኝ። እርጥበቱ የተሳበው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ደህና ዓይን ላይ ከ10 በላይ ይደርሳል።

«ዓይንሽ ደርቋል» አለችኝ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ እንባ ከየት መጣ?»

መልሷ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዓይን ሲደርቅ ይቃጠላል። ሲቃጠል እንባ እንደ ጎርፍ ይለቃል። ጎርፍ ደግሞ ያልፋል እንጂ መሬት አያረጥብም። ደህናው እንባ ስስ ሆኖ ዓይን ላይ የሚቀመጠው ነው። ከላዩ ዘይት አለው፣ ወጥ ላይ እንደሚሰፍፍ ቅባት። ያ ዘይት ነው ውኃው ቶሎ እንዳይተን የሚይዘው። የሚወጣው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። የእኔዎቹ ተደፍነዋል። «በብርድ የረጋ ቅቤ አስቢ» አለችኝ። «እንዲወጣ መሞቅ አለበት።»

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ። አፍሽስ ይደርቃል? መገጣጠሚያሽን ያምሻል? ምን ክኒን ትወስጃለሽ? የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ የዓይን መድረቅ አብሮ ሊመጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ለማስነጠሴ የምውጠው የአለርጂ ክኒንም ዓይን ያደርቃል አለችኝ።

ጠርሙሷን ሳሳያት ግን ፊቷ ተለወጠ። ዴክሳሜታዞን ነው፣ ስቴሮይድ። መቅላትና ማቃጠሉን ያበርዳል። ሐኪም ሳይከታተል ለወራት ሲወሰድ ግን አንዳንድ ሰው ላይ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ያለ ምንም ሕመም። ግፊቱ የዓይንን ነርቭ ከጎዳ የጠፋው እይታ አይመለስም። የእኔን ለካች። ደህና ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ተመስገን አልኩ።

በሽታው አንዴ ታክሞ የሚረሳ አይደለም፣ እንደ ጥርስ በየቀኑ የሚጠበቅ ነው። ማታ ማታ ንጹሕ ፎጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ የተጨፈነው ዓይኔ ላይ ለ10 ደቂቃ አደርጋለሁ። ፎጣው ቶሎ ስለሚበርድ ደጋግሜ እነክረዋለሁ። ከዚያ የዓይን ቆቤን በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ሽፋሽፍቱ አሻለሁ። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ አለ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ይሻላል፣ ኬሚካሉ ራሱ ሲበዛ ዓይን ያስቆጣልና። እሱን ግን እንደልብ አላገኘውም፣ ሲገኝም ውድ ነው።

ቢሮ ያለውን ነገር ለመለወጥ መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። ሥራ አስኪያጃችንን ገብቼ ሁሉንም አስረዳሁት። ፊቴ ላይ ይነፍስ የነበረው ቬንትሌተር በዚያው ቀን ዞረ። አንገቴን እንዳያመኝ ብዬ በቦክስ ፋይል ከፍ ያደረግኩትን ስክሪን አወረድኩ። ወደ ታች የሚያይ ዓይን በቆቡ ስለሚሸፈን ለንፋስ የሚጋለጠው ጥቂት ነው። ቡና የምታፈላልን ልጅ ዕጣኑን በረንዳ ላይ እንድታጨስ ለመንኳት፣ ሳትከፋ እሺ አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ መነጽር አደርጋለሁ። የአዳማ ንፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ንፋስ ነው፣ ዓይን ላይ ይጨክናል።

ከሁሉም የከበደኝ ማርገብገብ ነው። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግማሽም ላይሞላ ይችላል። አሁን አንድ ገጽ ደረሰኝ መዝግቤ በጨረስኩ ቁጥር ዓይኔን ጥርቅም አድርጌ እጨፍናለሁ።

እትዬን ማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «እኔ ምንም አላመመኝም» ይሉኛል። የሚያስፈራኝም እሱ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ሄድኩ። ደህና የሚባለው ግፊት እስከ 21 ነው። የእሳቸው ቀኝ ዓይን 31 ሆነ። ነርቩም መጎዳት ጀምሯል። ዶክተሯ ግፊቱን የሚያወርድ ሌላ ጠብታ አዘዘችላቸው፣ የድሮውን እንዲተዉት ነገረቻቸው።

ስንወጣ በሩ ላይ ቆም አሉ። ቦርሳቸውን ከፍተው ያቺን ትንሽ ጠርሙስ እጄ ውስጥ አስቀመጧት።

«አንቺው ጣይልኝ» አሉ።