ካውንተሩን አትመኑ፦ የማይክሮኮንትሮለር ሰዓቶችን የለካሁበት መንገድ

ፍሪኩዌንሲ ካውንተር (በሰከንድ ስንት ምት እንዳለ የሚቆጥር መለኪያ) ስምንት አሃዝ ስላሳየ ስምንቱም ልክ ናቸው ማለት አይደለም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ከአንድ የላብራቶሪ ኃላፊ ጋር በከንቱ አልጨቃጨቅም ነበር።

ሥራው የትምህርት ቤት ደወል ነው። በራሱ የሚደውል፣ መብራት ቢጠፋ ሰዓቱ የማይዛባ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ። ኮዱ ቀላል ነው። ከባዱ ሰዓቱን ምን ይቁጠረው የሚለው ነው። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ለካኋቸው። እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች ከብዙ ጣጣ በኋላ የተስተካከሉት ናቸው።

በኤቲሜጋ328ፒ (አርዱዊኖ ኡኖ የሚጠቀመው ማይክሮኮንትሮለር ቺፕ) ሆድ ውስጥ ያለው፣ ያለ ክሪስታል ምት የሚያወጣው አርሲ ኦሲሌተር ወዲያው ወደቀ። ፋብሪካው ራሱ ዋስትና የሚሰጠው እስከ 10 በመቶ ስህተት ድረስ ነው። የእኔው 2 በመቶ ገደማ ይዘገያል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በሶፍትዌር አስተካክሉት ይባላል። ለሲሪያል ግንኙነት ይሁን፣ ለሰዓት ግን አትድከሙ።

አርዱዊኖ ኡኖ ብዙ ሰው ይሸውዳል። ኦሪጅናሉ ቦርድ ላይ የሚያብረቀርቀው ክሪስታል የዩኤስቢው ቺፕ ነው። ዋናው ቺፕ የሚሠራው በአንዲት ትንሽ ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው። የእኔ ቦርድ በቀን ወደ 100 ሰከንድ ይስት ነበር። ኤልኢዲ ለማብለጭለጭ ምን ችግር አለው? ደወል ግን በሳምንት ከ10 ደቂቃ በላይ ይዛነፋል።

ባዶ ቺፕ ላይ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታልና ሁለት 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ስሰካ ስህተቱ ወደ 30 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 30) ወረደ። አንድ ፒፒኤም በቀን 0.0864 ሰከንድ ነው፤ 30ው 2.6 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ክሪስታሉ እግር ላይ እንዳታስነኩ። ፕሮቡ ራሱ ካፓሲተር ስለሆነ ፍሪኩዌንሲውን ይጎትተዋል። በታይመር አካፍላችሁ በሌላ ፒን አውጡና እዚያ ለኩ።

አሁን ወደሚያናድደው። ዲኤስ3231 ሙቀቱን እየለካ ራሱን የሚያርም የሰዓት ቺፕ ነው። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስህተቱ ከ2 ፒፒኤም አይበልጥም ይላል ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ)። ላብራቶሪ ወስጄ ካውንተሩ ላይ ስሰካው 11 ፒፒኤም ይፈጥናል አለኝ። ፌክ ነው ብዬ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። እሱም 11። ሌላ ሰው ከውጭ ያመጣውን ተዋስኩ። አሁንም 11!

እዚህ ላይ ነቃሁ። ፌክ ዕቃ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይስታል እንጂ ተማክሮ አይስትም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ በእኩል ከሳቱ ጥፋተኛው መለኪያው ነው።

ለኃላፊው ነገርኳቸው። ከመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈውን የካሊብሬሽን (ልክነቱ የተረጋገጠበትን) ወረቀት አሳዩኝ። ቀኑ ዓመታት አልፎታል። "ይህ እኮ የአውሮፓ ዕቃ ነው፤ የአንተ የቻይና ነው" አሉኝ። ካውንተሩም ውስጥ ያለው ያው ክሪስታል ነው፣ ክሪስታል ደግሞ ያረጃል ብላቸው ማን ሊሰማኝ! ይሙቅ ተብሎ ረዘም ላለ ጊዜ በርቶ ቆየ። ለውጡ ኢምንት ነው።

መፍትሔው ርካሽ የጂፒኤስ ሞጁል ሆነ። ኒዮ-6ኤም በየሰከንዱ አንድ ምት የሚያወጣ መስመር አለው። ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት ስለሚሸከሙ ምቱ በናኖሰከንድ ደረጃ የታመነ ነው። ይህን ምትና ከዲኤስ3231 የሚወጣውን አንድ ኸርዝ (በሰከንድ አንድ ምት) በዚያው ባለ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ኤቲሜጋ ለካሁ። በአንድ ክሪስታል ስለሚቆጠሩ የክሪስታሉ የራሱ ስህተት ይሰረዛል። አንቴናውን ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡ። ሳተላይት ሲጠፋ ምቱ ይቋረጣል፤ ኮዳችሁም ሁለት ሰከንዱን አንድ ብሎ ይቆጥራል። እኔ ከደጅ አጥር ላይ ሰቀልኩት።

ሁሉም ዲኤስ3231ዎች ከ2 ፒፒኤም በታች ሆነው ተገኙ። የዘገየው የካውንተሩ ክሪስታል ነበር፤ እሱ ሲዘገይ ሌላው ሁሉ የፈጠነ ይመስለዋል። ውጤቱን አትሜ ወሰድኩላቸው። "ደመና ሲኖር ጂፒኤስ ይስታል" ብለው መለሱልኝ። እስካሁን ያበግነኛል። ጂፒኤስ የሚጠቀመው የሬዲዮ ሞገድ ለደመና ደንታ የለውም።

ስለዚህ ለካውንተር ገንዘብ አታውጡ፤ ጂፒኤስ ሞጁል ግዙ። ለደወል ዲኤስ3231 ይበቃል። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤም ያለበት (ዲኤስ3231ኤም)፣ 5 ፒፒኤም የሚባለው ቢደርሳችሁ እንኳ አትመልሱት፤ በወር ቢበዛ 13 ሰከንድ ነው። ይልቅ ገበያ ላይ በብዛት ያለውን ሰማያዊ ሞጁል ስትገዙ ባትሪውን እዩ። ሰርኪዩቱ ባትሪውን ቻርጅ ያደርጋል፤ ሻጮች ግን ብዙ ጊዜ ቻርጅ የማይደረገውን ሲአር2032 ይከቱበታል። በ5 ቮልት ከሆነ የምታሠሩት፣ ከባትሪው አጠገብ ያለችውን ዳዮድ ወይም ሬዚስተር በብየዳ ካዌ ንቀሏት።