ያስፈራን ድልድይና ያሳረፈን ወንዝ ዳር

በመስክ ጥናት ቡድን ውስጥ የደኅንነት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ ሰው ከሚፈራው ቦታ ይልቅ ደስ ብሎት የሚያርፍበት ቦታ የበለጠ ያሳስበኛል። እዚህ አቋም ላይ ያደረሰኝ በአንድ የተፋሰስ ጥናት ላይ ሳለን የገጠመን ነገር ነው።

ጠዋት ገደሉን የምንሻገረው በተንጠልጣይ ድልድይ ነበር። የብረት ገመዶቹና የወለሉ ሳንቃዎች አስቀድመው ተፈትሸዋል፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይሻገርም ተወስኗል። ይሁን እንጂ ድልድዩ በተረገጠ ቁጥር ይወዛወዛል፣ በሳንቃዎቹ መካከልም ጥልቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዲት ባልደረባችን መሀል ላይ ስትደርስ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ገመዱን የጨበጡት ጣቶቿ ደም ሸሽቷቸው ነጥተዋል። ከፊቷ የነበረው ባልደረባ «ታች አትመልከቺ፤ የእኔን ጀርባ እያየሽ ተራመጂ» እያለ አሻገራት። ማንም አልሳቀባትም፤ ሊስቅባትም አይገባም ነበር፤ ምክንያቱም ድልድዩ አስተማማኝ መሆኑን ማወቅ ብቻውን የልብ ምትን አያረጋጋም።

እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን የሁሉም ፊት ተፈታ። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ ከሥሩ ያሉት ጠጠሮች ይቆጠራሉ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። የጂኦግራፊ ምሁሩ ጄይ አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱ ተከልሎ አካባቢውን አሻግሮ ማየት የሚችልበት ሥፍራ ደስ ይለዋል፤ ከኋላው ገደል፣ ከላዩ የዛፍ ጥላ፣ ከፊቱ ሜዳ ያለው ያ አሸዋማ ዳርቻ በትክክል እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ጫማ ወለቀ፣ ዕቃ ተዘረገፈ።

የውኃውን ከፍታ የሚለካው ባልደረባችን በድንገት «ደፍርሷል፤ ጭራሮም እያመጣ ነው» አለ። ዝቅ ብዬ ስመለከት ጥቂት ቀደም ብሎ የማያቸው ጠጠሮች ጠፍተዋል። ሁሉም ዕቃውን ትቶ ወደ ከፍታው እንዲወጣ አዘዝሁ። በዕድሜ የሚበልጡን ቀያሽ ቅር ብሏቸው «ልጄ፣ ሰማዩን አታዪም እንዴ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዝናቡ የዘነበው በወንዙ ላይኛው ክፍል ነው፤ እባክዎ ይነሡ» አልኋቸው። ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆይ ደራሽ ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ መጥቶ የተቀመጥንበትን አሸዋ ሸፈነው። ዕቃ ወሰደብን እንጂ ሰው አልተጎዳም።

ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው ነገር ቢኖር የሚፈስ ውኃ ጉልበት ነው። የፍጥነቱ እጥፍ መጨመር ግፊቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ በኃይል የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ አዋቂን ሰው ከእግሩ ሊጥል ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች አንድን አደጋ ትልቅ አድርገው የሚያዩት በተለይ ሲያስደነግጣቸውና ባሕርይው እንግዳ ሲሆንባቸው እንደሆነ አሳይቷል። ወንዙ ግን አላስደነገጠንም፣ እንግዳም አልነበረም፤ ስለዚህ ከእኛ መካከል ንቁ ሆኖ የቆየው ሥራው ውኃውን ማየት የሆነ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት የሚያስፈራውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ማረፍ የሚፈልግበትንም እጠይቃለሁ። በተመረጠው ማረፊያ ዕቃ የሚወርደው የመውጫው መንገድ በእግር ተሄዶበት ከታየና ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል የሚመለከት ተረኛ ከተመደበ በኋላ ነው። ድልድይ የሚያስፈራው ሰው ካለም ጊዜ ይሰጠዋል፤ ማንም አያጣድፈውም።